የሳይድ ቢ የመጨረሻዋ ዘፈን

እናታችን በሞተችበት ሰሞን ከቤታችን ሬጌ ሳይሰማ የዋለበት ቀን አልነበረም። ጎረቤት ምን እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ገሚሱ ፊት ለፊት ነገረኝ፣ ገሚሱ ደግሞ እንድሰማው ብሎ አጥር ሥር ቆሞ አወራ። አልፈርድባቸውም። ለቅሶ ቤት ሙዚቃ ተከፍቶ ብሰማ እኔው ራሴ ነበርሁ ቀድሜ የምራገመው። ምላሴ ለሰው አይመለስም፤ ደብረ ታቦር የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ነገሩን ከወንድሜ ልጀምር። ታላቄ ነው፤ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ የጫማውን ክር ሊፈታ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ግፊት ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ምላሱም ተያዘ። ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውል፣ ቀልድ ጀምሮ ሳይጨርስ እሱ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነበር። አሁን የቀሩት ዓይኖቹና ግራ እጁ ናቸው። እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ከፍ ካደረገ አንድ ነገር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ምን እንደፈለገ ግን መገመት የእኛ ፋንታ ነበር።

ይከታተለው የነበረው ሐኪም ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛው፣ የሚወደውን ነገር አሰሙት፣ ምናልባት ምላሱ ይፈታል የሚል ነው። ሁለተኛውን ወደ በሩ ወስዶ ዝግ ባለ ድምፅ ነበር የነገረን። መደንገጥ የለበትም፤ አንድ ጊዜ ከተደገመው አይተርፍም አለ።

የሚወደውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገንም። ወንድሜ ባሕር ዳር ተማሪ ሳለ የአንድ የባሕር ማዶ ሬጌ ባንድ ካሴት ገዝቶ መጥቶ ነበር። እኔም ቤቱን ስጠርግ መጥረጊያውን ይዤ የጨፈርሁት፣ እንግሊዝኛ የምችል እየመሰለኝ አፌን የከፈትሁት በዚያ ካሴት ነው። ሌሎቹ ዘፈኖቻቸው ስልኩ ውስጥ ነበሩ፤ ስልኩ አብሮት ወድቆ ተሰበረ። እንደገና እንዳናወርድ በግጭቱ ምክንያት ኢንተርኔት ከተማውን ከለቀቀ ቆይቷል። ስለዚህ የቀረን ያ አሮጌ ካሴትና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ቴፕ ነበር። ቴፑን ራስጌው ዱካ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ እኔም ሥራ አልነበረኝም፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሁሌ ካሴቱን እከፍትለታለሁ፣ አንዱ ገጽ ሲያልቅ እገለብጠዋለሁ።

እማዬ ሬጌ አትወድም ነበር። ጉርምርምታው ግድግዳውን አልፎ የብርሌዎቿን መደርደሪያ ያንቀጠቅጠዋል፤ «ልቤን በቡጢ እየመታኝ ነው» ትላለች። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን የእኔን ቀይ የጥፍር ቀለም አንስታ የቴፑ ድምፅ መጨመሪያ ዳር አንዲት ነጥብ አስቀመጠች።

«ከዚች ያሳለፈ ከእኔ ጋር ተጣላ» አለች። በቃ።

አላሳለፍንም። ገበያ ስትሄድም፣ ቤተ ክርስቲያን ስታድርም፣ ሐሙሲት ሠርግ ተጠርታ ቀናት ስትቆይም አላሳለፍንም። የምታየን ይመስለን ነበር መሰለኝ። ጺሙ የሸበተ ወንድሜ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ በዓይኑ ጸጥ የሚያሰኝ ሰው፣ ድምፁን ቀይዋ ነጥብ ድረስ አምጥቶ እዚያ ላይ ያቆማል። እኔም እንደዚያው።

ስለ ካሴቱ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሳይድ ኤ እግር አያስቀምጥም። ሳይድ ቢም ደኅና ነው፤ ከመጨረሻዋ ዘፈን በቀር። ያቺ ዘፈን ከበሮዋ የተኛ፣ ኦርጋኗ የሚያለቃቅስ ናት። ከመግቢያዋ አልፌ ሰምቻት አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሷ በፊት ያለችው ዘፈን እንዳለቀች ተነሥቼ ካሴቱን እገለብጣለሁ። በዓለም ላይ በጣም የምወደው ባንድ ነው፣ አንዲት ዘፈኑን ግን ለመስማት ትዕግሥት አልነበረኝም።

እማዬ እብናት የሄደችው እህቷ ታማ ልትጠይቅ ነበር። ከዚያ ያለውን ጠበል ለወንድሜ ይዛለት ልትመጣም አስባለች። በር ላይ ደርሳ ተመለሰችና «ሾርባውን አቀዝቅዘሽ ስጪው፣ ችኩል ነሽ አንቺ» አለችኝ። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው፤ ቁጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ተቋረጠ። በዚህ ዘመን እኛ ዘንድ መንገድ ተዘጋ ሲባል ዝናብ ጣለ እንደተባለ ነው የሚቆጠረው፤ ሰው ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም እንደዚያው ተመለስሁ። እማዬም የራሷ ግፊት እንዳለባት እያወቅሁ።

ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ሲለቀቅ ወሬው የገባው ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ ነው። እትዬ ከእማዬ ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተካፍለው ያረጁ ሴት ናቸው። በማለዳ መጥተው በሩን ቀስ ብለው አንኳኩና «ነይ እስቲ፣ አንዴ ላነጋግርሽ» አሉኝ። ቤታቸው ስገባ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። በማለዳ ነጠላ አጣፍቶ የሚቀመጥ ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አፌን ለጩኸት ከፈትሁ። እትዬ ዘለው የነጠላቸውን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰሩት።

«በእናትሽ ልጄ! በእናትሽ! ወንድምሽ ይሰማል!» አሉኝ። ማንን እየጠሩ እንደሚለምኑኝ ገባቸውና እሳቸውም አለቀሱ።

ግፊቱ ጥሏት እዚያው እብናት ተቀብራለች። ወሬው ሲደርሰን ቀብሩ አልፏል። መንገዱ ዝግ ነበርና አፈሯን እንኳ አላየሁም። እዚያ ወለሉ ላይ ነጠላ ነክሼ ተቀምጬ ሳለ የነፍስ አባታችን ተጠሩ፣ ሐኪሙም ተጠየቀ። ሁሉም በአንድ ቃል፣ ወንድምሽ ሳይጠና መርዶ አይነገረው አሉ። ይሞታል። እናትሽን ዛሬ፣ ወንድምሽን ነገ ትቀብሪያለሽ ማለታቸው ነው፤ እንዲህ ብሎ የተናገረ ባይኖርም እኔ የሰማሁት ይህን ነው። ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም። እሺ አልሁ።

ለቅሶው እትዬ ቤት ተቀመጠ። ድንኳን አልተጣለም። ጥቁሩን ልብስ እዚያ እለብሳለሁ፣ ወደ ቤት ስመለስ አውልቄ ቢጫ ሹራቤን አጠልቃለሁ። ዓይኔ ሲቀላ ጉንፋን ነው እለዋለሁ። እማዬ ደግሞ «ለአንተ ብላ ሱባዔ ገብታለች፣ ቶሎ አትመጣም» ተባለለት። ቴፑን መዝጋት ግን አይቻልም ነበር። አባታችን የሞተ ጊዜ ቴፑን በጨርቅ ጠቅልሎ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፈበት ወንድሜ ራሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ያ ካሴት ዝም ካለ ወንድሜ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ የገጠር ዘመዶች መጡ። ሴቶቹ ግቢው በር ላይ ነው ሙሾውን ያነሡት፤ የተነገራቸው ጠፍቷቸው ሳይሆን ኀዘን ስላሸነፋቸው ነው። የእማዬ ስም በጭቃው ግድግዳ አልፎ ወንድሜ ክፍል ሊገባ ሆነ። ዘልዬ ድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻው አጠማዘዝሁት። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርሌዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እኔም ትከሻዬን እየነቀነቅሁ ፈገግ አልሁለት።

ወንድሜ ቴፑን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ደክሞት ነው ብዬ ነበር።

በዚያን ዕለት ሌላም ነገር አየሁ። ሳይድ ቢ ሊያልቅ ሲል፣ የመጨረሻዋ ዘፈን ልትጀምር ስትል፣ ግራ እጁን ከፍ አደረገ። ከዚያ በፊት እዚህ ቦታ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። «ቆይ እሺ፣ ልገለብጥልህ ነው፣ አትቸኩል» አልሁትና ገለበጥሁለት። በማግስቱም አነሣ። እኔም ገለበጥሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እጁ ይነሣል፣ እኔ እገለብጣለሁ።

የእድራችን ሽማግሌ በመርዶው ሰሞን ገጠር ነበሩ፤ ሲመለሱ ምክንያቱን ማንም አልነገራቸውም ነበርና ዱላቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው ይኼ? መርዶ ሰምተሽ እንባሽ ሳይደርቅ ዘፈን? አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ እንዴ?»

«አባባ፣ እርስዎ አያውቁም፤ ካወቁ በኋላ ይቆጡኝ» አልኋቸው። ድምፄ እንደ ሁልጊዜው ሻካራ ነበር። ሁሉን ነገርኋቸው። በር ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀመጡና ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«የቴፑ ድንጋይ ሲያልቅብሽስ?» አሉኝ በመጨረሻ።

በማግስቱ የባትሪ ድንጋይ ቋጥረው መጡ። እድራችን ለለቅሶ ቤት ንፍሮ ያስቀቅላል፣ ሻይ ያስፈላል፣ ወንበር ያመጣል፤ የቴፕ ድንጋይ ሲያመጣ ግን ያኔ የመጀመሪያው ነው። ልስቅ ፈልጌ አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍሁት አላውቅም። ጠዋት እትዬ ቤት ጥቁር ለብሼ አለቅሳለሁ፣ ከሰዓት እዚህ ቢጫ ለብሼ እወዛወዛለሁ። ንፍሮ አፌ ውስጥ ሳለ ወደ ወንድሜ እንዳልገባ አፌን እጉመጠመጣለሁ፤ የለቅሶ ሽታ እንዳይሸተው። የሚያጽናኑኝ ሰዎች «አይዞሽ፣ በርቺ» ይሉኛል። በምን ልበርታ? ማንም አይነግረኝም። የምወደውን ባንድ ጠላሁት። ያ ጊታር፣ ያ ሰው ሁሉ ሠርግ ላይ ያለ የሚመስለው ዘፋኝ፣ እናቴ ከአፈር በታች ሳለች «ደስ ይበላችሁ» የሚለኝ ዘፋኝ። ካሴቱን ከቴፑ ጎትቼ አውጥቼ እሳት ላይ ልጥለው የተመኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። እግዚአብሔርንም ተቆጥቻለሁ፤ ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። መንገዱ አልተከፈተም። ወንድሜም አልጠናም፤ እንዲያውም መመንመን ጀመረ። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ይቀምስና ፊቱን ያዞራል። እኔም ውሸቴ አላዳነውም፣ እውነቱ ደግሞ ይገድለዋል፣ መውጫ የለኝም እያልሁ ተስፋ ቆረጥሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለታችንም አንድ ላይ ሄደን በተገላገልን ብዬም አስቤያለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ከጉና ተራራ በኩል የመጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ያን ዕለት ከእትዬ ቤት ስመለስ ሹራቤን የቀየርሁት እንኳ በደመ ነፍስ ነው። ሳይድ ቢን ከፈትሁ፤ ዝናቡንም ለቅሶውንም እንዲያሸንፍ ድምፁን ከቀይዋ ነጥብ አሻግሬ ለቀቅሁት። ከዚያ ወንድሜ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ዘፈኖቹ አንድ በአንድ አለፉ። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችው ስትጨርስ እጁ እንደ ልማዱ ተነሣ።

መነሣት አቃተኝ። «ቆይ ወንድም ጋሼ» አልሁት፣ «ቆይ፣ አሁን እገለብጠዋለሁ።» አልተነሣሁም። የመጨረሻዋ ዘፈን ጀመረች። እጁም ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ ወረደ።

መጀመሪያ ኦርጋኑ ብቻውን መጣ። ከዚያ ያ ሠርግ ላይ ያለ የሚመስለው ዘፋኝ እንደ ደከመው ሰው ሆኖ ገባ። ከበሮው ከሩቅ ነው፣ ሲመታም በስንት ጊዜ አንዴ ነው። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ የያዝሁትን ያህል፣ የሚዘፍነው ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጭጋግ ወርዷል፣ መረቡ ባዶ ነው፣ የወደቡ ዳርቻ አይታይም፤ ቢሆንም ይቀዝፋል። ሌላ ነገር የለውም። ማንንም ደስ ይበላችሁ አይልም። ከዕድሜዬ ብዙውን ይህን ካሴት ስሰማ ኖሬ የሚረዳኝ ሰው እዚህ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ እንደነበር አላወቅሁም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም እንደዚያ አላጽናናኝም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አፌን በእጄ ይዤ ሰማሁት።

እትዬ ሾርባ ይዘው፣ ከዝናቡ ኩታቸውን ተከናንበው የገቡት ያን ጊዜ ነው። መድረኩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ውይ! ይቺ እኮ የእናታችሁ ናት!» አሉ። «ያ እናቱን የሚጠራው ልጅ! አንቺ ኮሌጅ ሳለሽ፣ ወጡን ጥዳ ‹ያን ልጅ አትዝጋብኝ፣ ይጨርስ› ትል ነበር እኮ፤ ነፍሷን ይማረውና—»

ቃሉ ከአፋቸው ወጣ። የሾርባው ወጭት ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰበረ። እኔ እሳቸውን አላየሁም። ያየሁት የወንድሜን ደረት ነው። ይተነፍሳል ወይስ አይተነፍስም? ያን ያህል ጊዜ የጠበቅሁት ነገር ደረሰ፣ በቃ ገደልነው ብዬ ተንደርድሬ ተነሣሁ።

ይተነፍሳል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እንባው ከግራ ዓይኑ ወደ ትራሱ ይወርዳል። ድንጋጤ ግን አልነበረበትም። ግራ እጁን አነሣ፣ ወደ ራስጌው ዘረጋ። ቴፑ ላይ ደረሰ። ድምፅ መጨመሪያውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ኋላ አጠማዘዘው፤ ቀይዋ ነጥብ ላይ ሲደርስ አቆመው። ጣቱን ነጥቧ ላይ እንዳሳረፈ አየኝ።

ያኔ ገባኝ። በእማዬ ዘመን ያቺን ነጥብ ማንም አልፏት አያውቅም፤ ገበያ ብትሄድም፣ ብትርቅም። እኔ ለቅሶውን ልሸፍን ብዬ ያን ቀን አሻግሬ ስለቀው ወንድሜ ያየው ያንን ነው። እናት ያላት ልጅ ያን ቴፕ እንደዚያ አትከፍተውም። መርዶውን የነገርሁት እኔው ነኝ፣ ትከሻዬን እየነቀነቅሁ፣ በቢጫ ሹራብ። እጁን ማንሣት የጀመረውም ያን ዕለት ነው። ገልብጪው አላለኝም፤ የእሷን ዘፈን ተዪልኝ ነበር የሚለኝ። እኔ በየቀኑ ከጆሮው እነጥቀዋለሁ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለህ?» አልሁት።

እጁን ከነጥቧ ላይ አንሥቶ ትንሽ ከፍ አደረገው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ...» ብዬ ጀመርሁና ተውሁት። እኔ እሱ እንዳይሞትብኝ ብዬ ስከፍት፣ እሱ ደግሞ እኔ ውሸቴ እንዳይፈርስብኝ ብሎ እየሰማ፣ እንባውንም ሾርባውንም ችሎ እዚያ ተኝቷል። ሁለታችንም ለየብቻችን አንድ እናት አልቅሰናል።

እትዬ ስብርባሪውን እየለቀሙ «እናቱን ነው የሚጠራው፣ ወንድምሽ ራሱ ነው ተርጉሞ የነገራት» ይላሉ። ወንድሜን አየሁት። በዘፈኑ ውስጥ ስለ እናት አንድም ቃል የለም፤ ጀልባና ጭጋግ ብቻ ነው። እማዬ ቴፑን እንዳታስዘጋው የፈጠረው ነው። ግራ ከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ተነሣ፤ ሲቀልድ የሚያደርገው ነገር ነው። ለእትዬ ምንም አልነገርኋቸውም።

ከዚያ ሳቁ ጠፋ፣ አፉም ተከፈተ። ከወደቀ ወዲህ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅ ነው፤ ቃል አይደለም፣ ኡኡታ ነው። እኔም ነጠላ የጎሰረብኝ ስላልነበረ ጮኽሁ። እትዬ ቤት የነበሩት ለቀስተኞች ዝናቡን እየረገጡ መጡ፤ ሽማግሌውም በዱላቸው በሩን ገፍተው ገቡ፣ መርዶ ነጋሪ እንደማያስፈልግ አይተው ነጠላቸውን አጣፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እናታችን በገዛ ቤቷ ተለቀሰላት። ዓሣ አጥማጁ ቀይዋ ነጥብ ላይ፣ ብርሌዎቿን ሳያናውጥ፣ እስከ መጨረሻው ቀዘፈ። ካሴቱ አለቀና ቀጭ ብሎ ቆመ። ወንድሜ እጁን አላነሣም፤ እኔም አልገለበጥሁትም።